ዳገቱን አስወጡን፣ ከዚያ እንገዛለን

ጉለሌ የሚኖር ሰው ጉልበት ያለው መኪና የሚፈልገው ለቅብጠት አይደለም። መንገዱ አስገድዶት ነው። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ወደ ሱሉልታ የሚሻገር ሰውም ነገሩ አይጠፋውም። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ መኪና ሽሮ ሜዳ ላይ ዳገቱን የሚጀምረው 75 ገደማ ይዞ ነው። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጨመርበት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ከኋላው የተሰለፈው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይለቅበታል።

ስለዚህ ዓይናችን ቱርቦ ያለው ላይ ያርፋል። ጎልፍ ጂቲአይ፣ ቱርቦ ያለው ሱባሩ፣ ቱርቦ የተገጠመለት መርሴዲስ፣ አንድ ሁለት ቢኤምደብሊው። አዲስ አይደለም የምንለው፤ ያገለገለ። አቅማችን እዚያው ላይ ነው። ያገለገለውንም ቢሆን እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የመኪና ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። አሁን ያው መኪና ከእጅ እጅ ይዞራል፤ በየእጁ ትንሽ ትንሽ እየተበላ፣ በየእጁ ዋጋው እየጨመረ። ደላላውም ይህን ያውቃል። ጥያቄ ስናበዛበት መልሱ አንድ ነው፤ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኮ አይገባም!” አይገባም ማለት አይመረመርም ማለት ነው እንዴ?

ገና በስልክ ነው የሚያደክመን። ሞተር ያልተነካ፣ ቀለም ያልተነካ፣ አንድ እጅ፣ ገዝተው የሚነዱት፣ የዶክተር መኪና። ዘይቱ በየስንት ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው ስንል “የዶክተር መኪና ናት” ይሉናል። የሞተር ቀበቶው መቼ ተቀየረ ስንል “የዶክተር መኪና ናት” ይሉናል። ዶክተር ነዳት መባሉ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ አይነግረንም። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ዘይት ነው። ቱርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ያንን ሁሉ ዙር የሚሸከምለት ስስ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ዘይቱ ርካሽ ከሆነ፣ ከዘገየ ወይም ካነሰ ቱርቦው ያልቃል። የዘይት መቀየሪያ ደረሰኝ ሁለት ሦስት ቢያሳዩን ከዶክተሩ ማዕረግ ይልቅ እሱን እናምናለን።

እሺ ብለን እንሄዳለን። ገና ስንደርስ ሞተሩ ሞቋል። ሁልጊዜ ሞቋል። ጠዋት በ1 ሰዓት ብንሄድ ሞቋል፤ ቀጠሮውን ወደ 12 ሰዓት ተኩል ብናደርገው ሞቋል፤ ኅዳር ላይ፣ የጉለሌ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ፣ እጃችንን ኮፈኑ ላይ ስናሳርፍ እንደ ምጣድ ይለበልበናል። “አሁን ነው ያጠብናት” ይላሉ። “ቦታ ቀይረንላችሁ ነው” ይላሉ። “ባትሪዋ እንዳይደክም ብለን ነው” ይላሉ። ይህን ያህል የምንነዘንዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ያረጀ ሞተር ገመናውን የሚያወጣው ሌሊቱን አድሮ ሲነሳ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው። የቫልቭ ጎማው ያለቀ እንደሆነ ሌሊት የወረደው ዘይት ሲቃጠል ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ይላል። ሰንሰለቱ የላላ እንደሆነ ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ይንኳኳል። ከሲሊንደሮቹ አንዱ የደከመ እንደሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይህ ሁሉ ድምፁን ያጠፋል። እኛም ጸጥ ያለውን ሞተር ሰምተን እንመለሳለን፤ በማግስቱ ግን ቀዝቃዛውን ሞተር የምናስነሳው እኛ ነን።

የራዲያተሩም ነገር እንዲሁ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። ሳይከፈት ደግሞ ውስጡ ቀይ የዝገት ውሃ ይሁን ትክክለኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፍ አይንሳፈፍ አይታወቅም። ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ሞተሩ ሲነሳ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል ማለት ነው፤ ቴስታታ ይወርዳል። የአንዳንድ ሱባሩ ሞተሮች ጓርኒሲዮን ደግሞ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ሞተሩ ተጋድሞ የተሠራ በመሆኑ በሁለቱም ጎን ቴስታታ አለው፤ ወጪውም በሁለት ይባዛል። ይህን ሁሉ የምታሳየው ያቺ ክዳን ናት። ያቺን ክዳን ለመክፈት ግን መኪናው መብረድ አለበት፤ መኪናው እንዲበርድ ደግሞ ሰውየው እሺ ማለት አለበት።

ከዚያ ሙከራው ይመጣል። መኪናው የቆመው ሽሮ ሜዳ፣ ዳገቱ ከፊታችን ተገትሮ፣ እኛን ወደ ታች ይወስዱናል። ዳገቱን እንውጣ ስንል “መንገዱ ይጨናነቃል” ይባላል። እሑድ ጠዋት ስንል “ቤንዚን የላትም” ይባላል። ቤንዚኑን እንሞላለን ስንል “ባለቤቱ አይፈቅድም” ይባላል። ባለቤቱ ማነው ስንል “ውጭ አገር ነው” ይባላል። በመጨረሻ አዲስ በተነጠፈ ለስላሳ አስፋልት ላይ፣ በአርባ ፍጥነት፣ ሙዚቃ ከፍ አድርገው አንድ ዙር ያዞሩንና “እንዴት አያችኋት?” ይሉናል። ምን አየን? ለስላሳ አስፋልት ላይ በአርባ የማይሄድ መኪና የለም። ሙዚቃውን ዝጉልን፣ ድምፁን እንስማ ስንል ደግሞ ያኮርፋሉ።

ከተማው ሙሉ ሊቀናበት የሚገባ የመኪና መፈተሻ እኮ ነው ያለን! እንጦጦን አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ ምን ያህል እንደሚናገር ሰው ቢረዳልን። ሲወጣ ቱርቦው ይስብ አይስብ ወንበሩ ጀርባችንን ሲገፋን ይታወቃል። ቱርቦው ከተበላ እንደ ሳይረን ያፏጫል፤ በመስታወት ወደ ኋላ ስናይ ሰማያዊ ጭስ ይከተለናል። ፍሪሲዮኑ ካለቀ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። የሙቀቱ መርፌ ከመካከል አልፎ ከወጣ ራዲያተሩ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ ቢገጭ ወይም ቢንገጫገጭ እዚያው ዳገቱ ላይ ነው የሚታወቀው። ሲወርድ ደግሞ የፍሬኑ ተራ ነው። ፍሬን ሲያዝ መሪው እጅ ላይ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። ሽሮ ሜዳ ሲደርስ የተቃጠለ ሽታ ካወጣና ፔዳሉ ከረዘመ ሸራው ርካሽ ነው ወይም የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል። ጉልበት ያለው መኪና ፍሬኑ ካልያዘ ምን ይደረጋል? ቁልቁለቱ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ ተማሪ ያቋርጣል። ለእነሱም ጭምር ነው የምንጨቃጨቀው።

ወደ ጋራዥ ይዘነው እንሂድ ስንል ሌላ ጣጣ ይከተላል። በእነሱ መካኒክ ካልሆነ አይሆንም። በእኛ መካኒክ ከሆነ ደግሞ ደላላው አብሮ ይመጣና ከመካኒኩ ጋር ሻይ ይጠጣል። እድለኛ ሆነን ከእንቁላል ፋብሪካ ወዲያ ማንንም የማያውቅ ባለሙያ ብናገኝ፣ ኮምፕሬሽኑን ሲለካ አዲስ ክርክር ይነሳል። የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ በሩብ ያነሰ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ይህን የማይረዳ ገዢ ጥሩውን ሞተር ጥሎ ይሄዳል። ይህን የተረዳ ሻጭ ደግሞ የሞተውን ሞተር “ከፍታው ነው” እያለ ይሸጣል። መለያው ቀላል ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ይቀራረባሉ ወይ? ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ የከፍታው ጥፋት አይደለም። ከፍታው ሲሊንደር አይመርጥም።

ስካነር ሲሰካ ደግሞ ምንም ስህተት የለም። ንጹሕ። ደላላው ደረቱን ይነፋል። መካኒኩ ግን ሌላ ገጽ ይከፍትና የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱን የሚፈትሽባቸው ዝርዝሮች ሁሉ “አልተጠናቀቀም” የሚል ጽሑፍ እንደያዙ ያሳየናል። ይህ ማለት የስህተት ኮዱ በቅርቡ፣ ምናልባት ትናንት ማታ፣ ተሰርዟል ማለት ነው። ወይም ባትሪው ተነቅሎ ተመልሷል። ኮምፒውተሩ ፍተሻውን እስኪጨርስ ድረስ መኪናው ጥቂት ቀን መነዳት አለበት። ሁለት ቀን ነድታችሁት መልሳችሁ አምጡት ብንል ማን ይሰማናል? ኪሎ ሜትሩም ያው ነው። ሰማንያ ሺህ ይላል፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል፣ መሪው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ተቀዷል።

የሚያናድደን ሌላው የጽሑፍ ነገር ነው። ተራ ጎልፍ ላይ “ጂቲአይ” ይለጠፋል፤ ተራ መርሴዲስ ላይ “ኤኤምጂ” ይለጠፋል። ጽሑፉ በጥቂት ብር ይገዛል፣ መኪናው ላይ ግን ብዙ መቶ ሺህ ይጨምራል። የእውነተኛው የኤኤምጂ 63 ሞተር ላይ ሞተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የገጣጠመው ባለሙያ ፊርማ ያለበት ሰሌዳ አለ። ኮፈኑን ከፍተን ሰሌዳውን ስንፈልግ “እሱ ተነቅሎ ነው” ይሉናል። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ የትኛው ሞተር እንደተገጠመለት ከእሱ ይታወቃል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ መኪና ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ኢ ከሆነ 2014፣ ኤፍ ከሆነ 2015፣ በፈረንጆቹ። ሊብሬው ላይ ሌላ ዓመት ሲገኝ “የፈረንጅና የሐበሻ ልዩነት ነው” የሚል ማብራሪያ ይመጣል። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት መሆኑን እኛም እናውቃለን። አራት ዓመት ሲሆን ግን ምን ይባላል?

ስለ ላሜራው ብንናገር አይበቃንም። ጉልበት ያለው መኪና አንድ ጊዜ ሳይጋጭ አይቀርም፤ እሱን እንረዳለን። ቢነግሩን ደግሞ ዋጋውን ተነጋግረን እንገዛዋለን። እነሱ ግን አይነግሩንም፤ ስቱኮ ሞልተው፣ ቀለም ነፍተው፣ “ጭረት እንኳ አልነካትም” ብለው ይምላሉ። አንዱ መካኒክ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ያወጣና በሩ ላይ ያስጠጋታል፤ ትይዛለች። ሁለተኛው በር ላይ ትይዛለች። የኋላው ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ ተንሸራታ መዳፉ ላይ ትወድቃለች። ደግሞ ያስጠጋታል፣ ደግሞ ትወድቃለች። ማንም አይናገርም። ደላላው ስልኩን አውጥቶ ይሄዳል። ከዚያ መካኒኩ የኮፈኑን ብሎኖች ያሳየናል፤ ቀለማቸው በቁልፍ ተፍቋል። ከሥር ገብቶ የሻንሲውን ዘንግ በባትሪ ሲያበራ ፋብሪካ ያልበየደው ብየዳ ይገኛል። ቀለም የማይነካው ቦታ ላይ፣ የበሩ ጎማ ሥር፣ የቀለም ብናኝ ጣታችን ላይ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከታየ በኋላም “ታዲያ ትሄድ የለም እንዴ!” ይሉናል።

ጎማው የሚነበብ ነገር ነው፤ የሚያነበው ግን የለም። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2316 ካለ በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው ደርቋል። ከመጠኑ ቀጥሎ ደግሞ ፊደል አለ። ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል። ለሯጭ መኪና የተሠራው ቪና ከዚያ በላይ ነው፤ የሚገጠምለት ግን በዋጋ የረከሰው ነው። ቸርኬውም በኮብልስቶኑና በጉድጓዱ ተጣሞ፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ ብር ቀለም ተቀብቶ ይጠብቀናል።

ቤንዚኑን በተመለከተ ሻጩን አንወቅስም፤ ግን ማወቅ አለብን። ከነዳጅ መክፈቻው በስተጀርባ 95 ወይም 98 የሚል ጽሑፍ አለ። የእኛ ማደያ ምረጥ አይልም፤ ያለው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፣ እሱም ሰልፉ ካለቀ። ባለ ብዙ ጉልበት ሞተር ደካማ ቤንዚን ሲሰጠው ዳገት ላይ ያንኳኳል ወይም ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። በዚህ ላይ ጉልበት ጨምረንላታል ብለው ኮምፒውተሩን የነካኩትን ያህል የምንፈራው የለም። እባካችሁ፣ ፋብሪካው እንዳወጣው ተዉልን።

ለእያንዳንዱ ጥያቄያችን የሚሰጠን ሌላ መልስ “ቦሎ አላት” የሚል ነው። ቱርቦው ይጮኻል ስንል ቦሎ አላት። ዘይት ያንጠባጥባል ስንል ቦሎ አላት። ቦሎ ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ በሕግ መንገድ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደለት መሆኑን ነው የሚናገረው። የቱርቦውን ዘንግ ማንም እጁን ከትቶ አላነቃነቀውም፤ የካምቢዮውን ዘይት ማንም አላየውም።

እህቶቻችን ሲገዙ ደግሞ ይብሳል። ገንዘቡ የእሷ፣ ጥያቄው የእሷ፣ መንጃ ፈቃዱም የእሷ። ደላላው ግን መልሱን የሚሰጠው አብሯት ለመጣው ወንድሟ ነው። ስለ ፍሪሲዮን ትጠይቃለች፣ ስለ ወንበሩ ቀለም ይነግራታል። ይህ ቢቀር ምን ነበረበት?

ወረቀቱ ጋ ስንደርስ ሰው ደክሞታል፤ ደላላውም የሚፈልገው እንዲደክመን ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አይደለም። “ውክልና አለኝ” ይላል። ውክልናው ለመሸጥ ነው ወይስ ለመንዳት? እናንብበው ስንል ቅር ይለዋል። የባንክ እገዳ አለበት ወይ? ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው ወይስ ቀረጡ ተከፍሏል? ዲክላራሲዮኑ የት አለ? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም፤ ያንን ያህል ገንዘብ ከፍሎ በሰው ስም የሚነዳ ሰው ስንት አለ! የትራፊክ ቅጣቱስ ማን ላይ ነው? ይህ ሁሉ ከክፍያ በፊት ውልና ማስረጃ ሳንሄድ የሚጣራ ነው፤ ጊዜ ግን አይሰጡንም። “ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ እየመጣ ነው” ይሉናል። ያ ሌላ ሰው ሁልጊዜ እየመጣ ነው። ከዚህም ከዚያም ሰፈር እየመጣ ነው። አንድ ቀንም ደርሶ አላየነውም፤ እኛ ግን ፈርተን ቀብዱን እንቆጥራለን።

ውሉ ላይ ደግሞ “አይቼ፣ መርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ” የሚል አረፍተ ነገር ይገባል። መርምሬ? መቼ አስመረመራችሁን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሻጩ አውቆ በተንኮል የሸሸገው ጉድለት ካለ ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣኛል ብሎ ያስገባው ቃልም አያድነውም። ሕጉ ይህን ያህል አስቦልናል። ያችን “መርምሬ” የምትል ቃል ግን በእጃችን ፈርመን ስለምንሰጣቸው ክርክሩን ገና ሳንጀምር አክብደነው እንገባለን።

እንግዲህ ሽሮ ሜዳም፣ ቀጨኔም፣ አዲሱ ገበያም መኪና ለምትሸጡ ወንድሞቻችን የምንለው ይህ ነው። ማታ አቁማችሁት እደሩ፤ ጠዋት እኛ ራሳችን እናስነሳው። ቤንዚኑን እኛ እንሞላለን፤ እንጦጦ ማርያም ድረስ እንውጣና እንመለስ፤ ሾፌሩ የእናንተ ሰው ይሁን፣ እኛ ከጎኑ እንቀመጣለን። የጋራዡን እኛ እንከፍላለን። የኮምፕሬሽኑን ልክ፣ የቀለሙን፣ የኮምፒውተሩን ውጤት መካኒኩ በወረቀት ይጻፈው። ተስማምተን ከገዛን ወረቀቱ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ካልገዛነው ወረቀቱን ለእናንተ ትተንላችሁ እንሄዳለን፤ ለሚቀጥለው ገዢ አሳዩት።